ዕቃ አድራሽ ሮቦቶች በእግረኛ መንገድ ላይ፦ በሕግ ፊት እግረኛ ናቸው ወይስ ተሽከርካሪ?

ታዛቢው (ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ርዕስ የከፈትሁት፣ ስለ ዕቃ አድራሽ ሮቦቶች በእኛ መካከል የሚነገረው ወይ አድናቆት ወይ ስጋት ብቻ ሆኖ ስላገኘሁትና በመሐል ያለው ዋና ጥያቄ ሳይነሳ ስለሚታለፍ ነው። የምኖርበት አካባቢ ለጉዳዩ ባዳ አይደለም። ቨርጂኒያ እነዚህ ማሽኖች በእግረኛ መንገድ ላይ እንዲሄዱ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲም በጥር 2019 ስታርሺፕ የተባለው ኩባንያ ያቀረባቸውን 25 ሮቦቶች በግቢው አሰማርቶ ለተማሪዎች ምግብ ማድረስ ጀምሯል።

ላላያችኋቸው ያህል፣ ባለ ስድስት ጎማ ነጭ ሣጥኖች ናቸው፤ ክብደታቸው 35 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር አይበልጡም፤ ይህም ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ጋር የሚስተካከል ነው። ክዳናቸው ተቆልፎ ይጓዛል፤ የሚከፍተውም ያዘዘው ሰው በስልኩ ነው። ሜዳ ላይ ሲሄዱ ዐይን አይስቡም፤ ጠባያቸው የሚታየው ማቋረጫ ላይ ነው። አንዲቱን ጠርዝ ላይ ቆማ ተመልክቻት ነበር። መኪና ሲመጣ ወደ ኋላ ሸርተት ትላለች፣ ሲያልፍ መልሳ ትጠጋለች። በመጨረሻ አንድ ደግ አሽከርካሪ መኪናውን አቁሞ እንድታልፍ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ እርሷ ግን የእጅ ምልክት አይገባትምና ቆማ መጠበቋን ቀጠለች፤ ከኋላ የተሰለፉትም ጥሩምባቸውን ያንጫርሩት ጀመር።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የፔንሲልቬንያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በእግረኛነት መድቦታል፤ ያውም ባዶ ክብደቱ እስከ 550 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 250 ኪሎ ግራም የሚደርሰውን፣ በእግረኛ መንገድ ላይ በሰዓት እስከ 12 ማይል እንዲሄድ ፈቅዶ። ሳን ፍራንሲስኮ ግን በታኅሣሥ 2017 ተቃራኒውን መንገድ ይዛ፣ ለአንድ ኩባንያ ከ3፣ ለከተማዋ በጠቅላላው ከ9 የማይበልጡ የሙከራ ፈቃዶች ብቻ እንዲሰጡ፣ ማሽኖቹም ሰው በማይበዛባቸው የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ብቻ እንዲንቀሳቀሱና ተቆጣጣሪ ሰው በቅርብ ርቀት እንዲከተላቸው ወሰነች። ከሁለቱ የትኛው ለከተማ ነዋሪ ይበጃል ትላላችሁ?

ወለተ_ሚካኤል (ሚልተን ኪንስ፣ እንግሊዝ)

እኔ ከሚጠቀሙባቸው ሰዎች አንዷ ስለሆንሁ በግልጽ ልናገር፤ ሮቦቶቹ ጠቅመውኛል። ወደ ከተማችን የገቡት በ2018 ሲሆን፣ ከሰፈር ሱፐርማርኬት ወተትና ዳቦ ማምጣታቸው ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። በኮቪድ ጊዜ ከቤት መውጣት ሲከለከል ፍላጎቱ ከመጠን በላይ ጨምሮ ነበር፤ ለጤና ሠራተኞችም ያለ ማድረሻ ክፍያ ያገለግሉ ነበር። ለብቻዬ ለምኖር ሰው ያ ወቅት የሚረሳ አይደለም።

ነገር ግን እዚህ ስለ ሠመረ በሌላም ቦታ ይሠምራል ብሎ መደምደም አይገባም። ሚልተን ኪንስ በ1967 በአዲስ ከተማነት የተቆረቆረች ስትሆን፣ እግረኛና ብስክሌት ከመኪና ተለይተው የሚሄዱባቸው ሬድዌይ የሚባሉ ሰፋፊ መንገዶች አሏት። በብዙ ቦታ መንገዶቹ ዋናውን አስፋልት የሚሻገሩት በድልድይ ወይም በሥር በተሠራ መተላለፊያ ነው። ስለዚህ ወንድማችን የገለጹት የማቋረጫ ችግር እኛ ዘንድ እምብዛም አይታይም። ከተማዋ ስትነደፍ ስለ ሮቦት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ግን ለእነርሱ የተሠራች ትመስላለች። ለንደን ውስጥ ባለ አንድ ጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ ይህንኑ አገልግሎት ባየው፣ አስተያየቴ ሌላ ሊሆን እንደሚችል አልክድም።

ገብሬ_ዘሜሪላንድ

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው አንሥቶ መኪናው ውስጥ ቢከታትስ? ደግሞስ ጠርዝ ስትወጣ ወደ ኋላ ጋደል ስትል አይቻለሁ፤ ሽሮ ያዘዘ ሰው ምን ይደርሰዋል?

መሐንዲሱ (አዲስ አበባ)
መልስ ለገብሬ_ዘሜሪላንድ

ሽሮውን ለማእድ ቤት ባለሙያዎች እተወዋለሁ። ስርቆቱን በተመለከተ ግን ማሽኑ በካሜራ የተከበበ፣ ያለበት ቦታ በየሰከንዱ የሚታወቅ፣ ሲነሣ የሚጮህና ከቁጥጥር ክፍል ጋር በማያቋርጥ ግንኙነት ውስጥ ያለ በመሆኑ ለሌባ የሚመች ዕቃ አይደለም። በእርግጥ ይኸው ጥቅም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሮቦት ለመስረቅ በተሞከረበት ጊዜ፣ ሰርቭ ሮቦቲክስ የተባለው ኩባንያ ማሽኑ የቀረጸውን ምስል ለፖሊስ መስጠቱ በ2023 ተዘግቧል። ሌባው መያዙ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በመንገዱ ያለፈው ሌላው ሰው ሁሉ በዚያው ካሜራ ውስጥ አልፏል፤ ምስሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥም አላፊ አግዳሚው የሚጠየቅበት አሠራር የለም።

ወደ ዋናው ርዕስ ልመለስ። «ራሱን ችሎ የሚሄድ» የሚለው አነጋገር ከሚገባው በላይ ይነገራል። በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይሠሩ የነበሩት፣ ኪዊ የተባለው ኩባንያ ሮቦቶች በአብዛኛው የሚመሩት ከኮሎምቢያ፣ ከሜዴዪን ከተማ በኮምፒዩተር ፊት በሚቀመጡ ወጣቶች ነበር። ወጣቶቹ ማሽኑን እንደ መኪና መሪ ይዘው አይነዱትም፤ በየአምስትና በየዐሥር ሰከንዱ ቀጥሎ የሚሄድበትን ነጥብ እያመለከቱ ይልኩለታል፤ መሰናክል የማምለጡ ሥራ የማሽኑ ነው። በጊዜው እንደተዘገበው ክፍያቸው በሰዓት ከሁለት የአሜሪካ ዶላር በታች ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚታወቀው ኮኮ የተባለው ኩባንያም የተነሣው በዚሁ ከሩቅ በሰው የመመራት ዘዴ ነው። እንግዲህ የአድራሹ ሰው ሥራ ጠፋ ስንል፣ ከፊሉ ጠፍቶ ከፊሉ ወደ ሌላ አገር፣ በረከሰ ዋጋ መሄዱን አብረን ማየት ይኖርብናል።

ዋጋውም ቢሆን ገና አልተረጋገጠም። ዕቃን ከመጋዘን እስከ ሰፈር ማምጣት ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ከሰፈር እስከ ደጃፍ ያለው የመጨረሻው ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው አንድን ትእዛዝ ይዞ ብቻውን ይሄዳል። ኩባንያዎቹ ተስፋ ያደረጉት ይህንን ወጪ ነው። ይሁን እንጂ አማዞን በ2019 የጀመረውን ስካውት የተባለ ሮቦት በጥቅምት 2022 ከሙከራ መስክ አነሣ፤ ፌዴክስም ሮክሶ የተባለውን በዚያው ወር አቆመ። የገንዘብ እጥረት የሌለባቸው ሁለት ግዙፍ ድርጅቶች በአንድ ወር ውስጥ ካቆሙ፣ ቀሪው ችግር በገንዘብ ብቻ የሚፈታ አልነበረም ማለት ነው።

ሐና_ዘቶሮንቶ

እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ በጥሞና አንብቤአለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የምንቀሳቀስ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ የዕለት ኑሮ ነው።

በጥቅምት 2019 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የደረሰውን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ መንገድ ስታቋርጥ፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ለተሽከርካሪ ወንበር ዝቅ ብሎ በተሠራው መወጣጫ ላይ አንድ ሮቦት ቆሞ አገኘች። ሮቦቱ መንገዱ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። እርሷ ደግሞ መብራቱ ሊለወጥባት ነው፤ መወጣጫውን ማሽኑ ይዞታልና የምትወጣበት ቦታ የለም። በብዙ ጣር ከጠርዙ ጋር ታግላ ወጣች። ዩኒቨርሲቲው ሙከራውን ለጊዜው አቆመ፤ ኩባንያውም ማስተካከያ አደርጋለሁ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ማሽኑ አለመበላሸቱ ነው። እንዲጠነቀቅ ታዟል፤ ተጠንቅቆ ቆመ። የቆመበት ቦታ ግን በዚያች ጠርዝ ላይ ለእኛ ያለችው አንዲት በር ነበረች። በእግሩ የሚሄድ ሰው በየትኛውም በኩል ይወጣል፤ እኛ የምንወጣው በዚያች ብቻ ነው።

የምኖርባት ቶሮንቶ በታኅሣሥ 2021 የከተማው ምክር ቤት እነዚህ ሮቦቶች በእግረኛ መንገድም ሆነ በብስክሌት መሥመር እንዳይሄዱ ከልክሏል። ለዚህ ውሳኔ የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን ጉዳይ ተከራካሪዎች ብዙ ደክመዋል። «እድገትን ትቃወማላችሁ» የሚሉን አልጠፉም። ነገር ግን ክረምት በዚህ አገር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይፍረድ፤ በረዶው ወደ ጎን ተጠርጎ ሲከመር የእግረኛው መንገድ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ ይሆናል። እዚያ ውስጥ ከሮቦት ጋር ፊት ለፊት ብገናኝ ማን ወደ ኋላ ይመለሳል?

አድራሹ (ሎስ አንጀለስ)

የእኔ ስም ሥራዬን ይናገራል። በዚህ ከተማ በመኪና ምግብ አደርሳለሁ፤ ትንሿ ኢትዮጵያ ከሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ምግብ ቤቶችም አዘውትሬ እወስዳለሁ። (የቨርጂኒያው ወንድማችን ፌርፋክስ ሲሉ መጀመሪያ የእኛው መስሎኝ ነበር።)

ስለ ሥራ ስትነጋገሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሮቦቱ ሁሉንም ትእዛዝ አይወስድም፤ የሚወስደው ቅርቡን፣ ሜዳውን፣ ደረጃ የሌለውን፣ መኪና ማቆሚያ የማያስቸግረውን ነው። ይህ ደግሞ ለእኔ በአጭር ጊዜ ተጠናቅቆ ቀኑን የሚያካክስልኝ ሥራ ነበር። ለሰው የሚተርፈው ዳገቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ የማይከፈተው ሕንጻ፣ ሩቁ ሰፈር ነው፤ ክፍያው ግን ከባድ ሆነ ተብሎ አልጨመረም። ኡበርና ሰርቭ በ2023 እስከ 2000 ሮቦት ለማሰማራት መስማማታቸውን ሲያስታውቁ፣ በዜናው ሁሉ የተነገረው ስለ ሮቦቶቹ ቁጥር ነበር፤ የሥራው ጣፋጩ ክፍል ተነጥሎ ስለሚሄድበት ሁኔታ ግን ያነሣ አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ሮቦት ደጃፍ አይደርስም። መንገድ ዳር ቆሞ ደንበኛው ወርዶ እንዲቀበለው ይጠብቃል። አዘውትሬ የማደርስላቸው አንዲት እናት አሉ፤ ሁለተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው አያወርዳቸውም። የታሸገ ውኃ ሲያዙ ወደ ውስጥ አስገብቼ ማቀዝቀዣው አጠገብ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ዳቦ ሳያስይዙኝ አይለቁኝም። ይህን በመተግበሪያው ላይ የሚቆጥረው የለም። ዋጋው ሲነጻጸር ግን የእኔ ማድረስና የሮቦቱ ማድረስ እኩል አገልግሎት ተደርገው ይሰላሉ።

ሌላም ልንገራችሁ። በመስከረም 2022 ሆሊውድ ውስጥ ፖሊስ ወንጀል ተፈጸመ በተባለበት ቦታ ቢጫ ክር ዘርግቶ መንገዱን ዘግቶ ሳለ፣ አንድ ሮቦት እስከ ክሩ መጥቶ ቆመ። በአካባቢው የነበረ ሰው ክሩን ከፍ አደረገለት፤ እርሱም በፖሊሶቹ መካከል ሰተት ብሎ አለፈ። ቪዲዮውን አይተን ስቀናል። ከሳቁ በኋላ ግን እኔ ያንን ክር ባልፍ ምን እንደሚገጥመኝ ለማንም ጥቁር አሽከርካሪ መንገር አያሻኝም።

ወለተ_ሚካኤል
መልስ ለሐና_ዘቶሮንቶ

እህቴ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የከተማችን መንገዶች ሰፊ ስለሆኑ እርስዎ ያነሡት ነገር ከዐይኔ የራቀ ነበር። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ከባድ ዕቃ መሸከም አልችልም፤ ለእኔ ሮቦቱ ራሱ የአቅም ማነስን የሚደግፍ መሣሪያ ነው። ከቤት መውጣት የማይችል ሰው ጥቅምና ከቤት ወጥቶ መንገዱን የሚጠቀም ሰው መብት ሲጋጩ፣ ከተማ ማንን ያስቀድም? ፍጹም ክልከላ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ፍርዱ የከበደ አይመስልዎትም?

ሐና_ዘቶሮንቶ
መልስ ለወለተ_ሚካኤል

እማማ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ከሚቃወሙን ሰዎች እንኳ እንዲህ አጥርቶ ያቀረበልን የለም። መልሴ ይህ ነው፤ ለእርስዎ ወተቱን ሊያመጣልዎ የሚችል ሌላ መንገድ አለ፤ ሰው አለ፣ ብስክሌት አለ፣ መኪና አለ። ለእኔ ግን ከእግረኛ መንገድ ሌላ መንገድ የለኝም። ምርጫ ያለው ለሌለው ይለቃል፤ ሕጉም የሚሠራው ለዚህ ይመስለኛል። ደግሞም እኔ ማሽኑ ከምድር ይጥፋ አላልሁም። የቶሮንቶ ክልከላ ያለምክንያት የጸና አይደለም፤ ምክር ቤቱ የፈለገው ደንብ ሳይወጣ ኩባንያ እንዳይቀድም ነው።

መሐንዲሱ
መልስ ለታዛቢው

ወደ እኛ አገር ጉዳዩን ልሳበው፤ ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ ነው። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ሰፋፊና ለስላሳ ናቸው፤ ቴክኖሎጂውን ብቻ ካየን ሮቦት ሊሄድባቸው ይችላል። ከእነርሱ ወጥቶ ወደ መንደር ሲታጠፍ ግን ኮብልስቶን፣ ክፍት ቦይ፣ የሸቀጥ ዘርጊ፣ የቤት ቁጥር የሌለው በር ይጠብቀዋል። እዚህ አድራሻ የሚገኘው «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ሰማያዊው በር» ተብሎ በስልክ ነው፤ ዴሊቨሪ የሚሠራው ልጅም ዋናው ችሎታው ይህን አነጋገር ወደ ቦታ መለወጡ ነው። በተጨማሪም ሞተረኛ ለምኖ በሚሠራበት ክፍያ አንድ ሮቦት ዋጋውን ሊመልስ አይችልም። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ከተማዋ በሞተር ብስክሌቶች ላይ እገዳ ጥላ በልዩ ፈቃድ ብቻ ስታሠራ ሥራው ምን ያህል በሰው ላይ እንደቆመ አይተናል።

ስለዚህ ወደ እኛ ይመጣል ብዬ የምጠብቀው ሮቦቱ ሳይሆን የሜዴዪኑ ወንበር ነው፤ ማለትም ሌላ አገር ያለን ሮቦት ከዚህ ሆኖ የመምራት ሥራ። የተማረ ወጣት አለን፤ የሰዓቱ ልዩነትም የአሜሪካ ምሽት እዚህ ንጋት ላይ ስለሚውል አያስቸግርም። ኢንተርኔቱ ሳይቆራረጥ ከቀጠለ እኔ ሥራውን አልጠላውም።

አድራሹ
መልስ ለመሐንዲሱ

ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፉት አውቃለሁ። ግን ነገሩን ከዚህ ሆነው ይመልከቱት፤ እኔ እዚህ የማጣውን ሥራ የአክስቴ ልጅ እዚያ በዐሥረኛው ዋጋ ቢሠራው፣ ቤተሰባችን ምን አተረፈ? በየወሩ የምልከው ገንዘብ ከዚህ ሥራ ነው የሚወጣው።

መሐንዲሱ
መልስ ለአድራሹ

የሚያስኬድ ክርክር ነው። ልለይበት የምችለው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ሥራው ለእኛ ባይመጣም ለእርስዎ አይመለስም፤ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ይህ መጽናኛ አለመሆኑን አውቃለሁ።

ታዛቢው

ያልጠበቅሁትን ያህል ተምሬበታለሁ። የእግረኛ ወይስ የተሽከርካሪ በሚለው ላይ ሐሳቤን ያጠራልኝ የእህታችን የሐና ጽሑፍ ስለሆነ፣ ነገሩን በመለኪያ ልመልከተው። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት መተላለፊያ ቢያንስ 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ክፍት ሆኖ መገኘት አለበት። ግቢያችን ውስጥ የሚሄደው ሮቦት ወርዱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ስፋት በላይ ናቸው፤ ስለዚህ በዝቅተኛው ስፋት በተሠራ መንገድ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ መተላለፍ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ የግድ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል። ፔንሲልቬንያ የፈቀደችው ባለ 250 ኪሎው ማሽን ሲሆንማ መጠየቁም አያስፈልግም።

ጃፓን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል። ፍጥነቱን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ላይ ገድቦ፣ የማሽኑን መጠን ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር ከተፈቀደው ልክ እንዳያልፍ አድርጎ፣ ኩባንያው ከመጀመሩ በፊት የት እንደሚያንቀሳቅስ ለአካባቢው የጸጥታ ኮሚሽን እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ያልፈታው ነገር የመንገዱን ስፋት ነው። እኔ ብሆን ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ሳይነካኩ በማይተላለፉበት መንገድ ላይ ሮቦት እንዳይገባ፣ መወጣጫ ላይም ቆሞ እንዳይጠብቅ፣ የሚጠብቀው ከመወጣጫው ራቅ ብሎ እንዲሆን በፈቃዱ ውስጥ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ይህ ለፕሮግራም አዘጋጅ ከባድ ትእዛዝ አይደለም፤ መሐንዲሱ ካልሆነ ያርሙኝ።

የአድራሹ ወንድማችን ነገር ግን በመንገድ ደንብ አይፈታም፤ እርሱ የክፍያ ጥያቄ ነው፤ የሚመለከተውም ሌላ ሕግና ሌላ ምክር ቤት ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ለብቻው ርዕስ ቢከፍቱለት እዚያ እንከተልዎታለን።

መሐንዲሱ
መልስ ለታዛቢው

መወጣጫዎቹ በካርታው ላይ አስቀድመው ተመዝግበው ስላሉ፣ «እዚህ አትቁም» ብሎ ማዘዝ የሚቻል ነው። የሚያስቸግረው ካርታው ላይ የሌለው ነው፤ ለምሳሌ ጥግ ላይ የተከመረ በረዶ።

ሐና_ዘቶሮንቶ
መልስ ለመሐንዲሱ

እንግዲያው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ከፈቃዱ ያስወጡት።